ዘንድሮ ማን ያሸንፋል?
(የገና ጨዋታ ክርክርና የማስረጃ ትምህርት)

ኅዳር ገብቶ ገብሱ ታጭዶ ነዶው አውድማ ላይ መከመር ሲጀምር በእኛ በዋግ ደጋ መንደሮች አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። «ዘንድሮ ማን ያሸንፋል?» ይባላል። ጥያቄው ስለ ገና ጨዋታ ነው። ላይ ቤት ነው ወይስ ታች ቤት? የእኛ ደብር ነው ወይስ የወንዝ ማዶው? ክርክሩ ጨዋታው ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው ይጀመርና ጨዋታው ካለቀም በኋላ እስከ ጥምቀት ድረስ ይዘልቃል። እንዲያውም እኔ እንዳየሁት ከሆነ ከጨዋታው ክርክሩ ይረዝማል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ይህ ክርክር ለእኛ ለእጩ መምህራን ምን ይሰጠናል የሚለውን ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ደግሞ ብሎ ብሎ ስለ ጨዋታ ጻፈ!» እንደሚሉ አላጣሁትም። ነገር ግን ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ መረጃ አሰባሰብና ስለ ሠንጠረዥ ከመጽሐፉ ላስተምር ሞክሬ ልጆቹን እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸው፣ የገናውን ክርክር ያነሣሁ ዕለት ግን ክፍሉ ተነቃነቀ። መነቃነቁ ብቻውን ትምህርት አይደለም፤ ይህንንም በኋላ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። እንደሆነው ልንገራችሁ።

ከከተማ ለመጣችሁና ጨዋታውን በቅርብ ላላያችሁ ያህል፣ ገና የሚባለው ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩርን እየለጉ ወደ ተቃራኒው ወገን ወሰን የማሻገር ውድድር ነው። ሩር ማለት ድቡልቡል ተደርጋ የተጠረበች የእንጨት ኳስ ናት፤ ከቆዳ የሚሠራም አለ። ዱላውን ጎረምሳው ራሱ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ቆርጦ በእሳት እየለበለበ ያጎብጠዋል። የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። በእኛ መንደር በአንድ ወገን ሃያም ሠላሳም ሲሰለፍ አይቻለሁ። ፉጨት የያዘ ዳኛ የለም፤ የዕረፍት ሰዓትም የለም። ዋናው ግጥሚያ የሚደረገው በበዓሉ ዕለት ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ሲሆን ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ ተጀምሮ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያበቃል። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን ቢመታ አይቆጣም የሚለውን የአባቶች አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጌታው አለመቆጣቱ መልካም ነው፤ ቲፎዞው ግን ይቆጣል።

የተመደብሁበት ትምህርት ቤት ለመንደራችን ቅርብ ስለ ነበር ቅዳሜና እሑድ ቤት እሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ አውድማ ላይ ነዶ ሳቀብል አጎቴን «አያ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው?» አልሁት።

«ምን ጥያቄ አለው! ላይ ቤት ነዋ። ላይ ቤት መቼ ተሸንፎ ያውቃል?»

ከክምሩ ማዶ የነበረው ጎረቤታችን የታች ቤት ሰው ነው። መንሹን ተክሎ ቆመና «ኧረ አያ! ካቻምና የት ነበርህ?» አለው።

«ካቻምናማ ሩሯ ገደል ገብታ ነው የተበተነው።»

«ስትገባ ስንት ለስንት ነበር?»

አጎቴ ትንሽ አሰበና «እሱን ተወው፤ ዋናው ያለን ልጅ ነው። የዘንድሮዎቹን ጎረምሶች አይተሃቸዋል?» አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ የገዛ ልጁ መሆኑን እኔም ጎረቤታችንም እናውቃለን። ማንም አላነሣበትም።

ነገሩን ሌሊት ተኝቼ ሳወጣ ሳወርድ አጎቴ በአንድ ትንፋሽ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ ተናገረ ገባኝ። «መቼ ተሸንፎ ያውቃል» ያለው ስም ነው፤ ያለፈ ታሪክ ነው። «የዘንድሮዎቹን ጎረምሶች አይተሃቸዋል» ያለው አቋም ነው፤ ቡድኑ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው በአፉ ያልወጣው ምኞት ነው፤ ልጁ እንዲያሸንፍለት ይፈልጋል። ቲፎዞ ሲከራከር እነዚህን ሦስቱን በአንድ ገመድ ጠፍሮ ይዞ ይመጣል። አንዱን ስትይዝበት በሌላው ያመልጥሃል። ስሙን ስትሞግተው ወደ አቋም ይሄዳል፣ አቋሙን ስትሞግተው ወደ ስም ይመለሳል፤ ምኞቱ ግን ከሥር ሆኖ ሁለቱንም ይነዳል።

የጥንቱ የፍርድ አደባባይ ሙግት፣ በልሃ ልበልሃ የሚባለው፣ ከዚህ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ተሟጋቹ ቢያሻው በቅኔ፣ ቢያሻው በተረት ይከራከር፤ በመጨረሻ ግን «ምስክርህን ቁጠር» ይባላል። በገና ክርክር ምስክር ቁጠር የሚል የለም። ስለዚህ እኔ ራሴ ልቁጠር ብዬ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አምስት ሽማግሌዎችን «ላይ ቤት ስንት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ?» ብዬ ጠየቅሁ። አምስት መልስ አገኘሁ። ማንም የዋሸኝ አይመስለኝም። አንደኛው ሩር ጠፍታ የተበተነውን እንደ ድል ይቆጥራል፤ ሁለተኛው አይቆጥርም። ሌላው ከበዓሉ በፊት እረኞች የሚያደርጉትን መለማመጃ ጭምር አስገብቷል። አንድ አባት ደግሞ በ2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ዓመት፣ በመንደራችን ጨዋታ እንዳልተደረገ እያወቁ «የቀደመው አሸናፊ ላይ ቤት ስለ ነበር ድሉ በእጁ ቆይቷል» ብለው ቆጠሩት።

መምህር የሚሆን ሰው ይህን ሲሰማ ሊያዝን አይገባውም። ከመቁጠር በፊት የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል የሚለውን ትልቅ ትምህርት አምስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጠዋት ሰጥተውኛል። በመጽሐፋችን ላይ ይኸው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ አለ፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሳነበው ቆይቼ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሰኞ ክፍል ገባሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ አሰመርሁ። ዓመተ ምሕረት፣ የተጫወቱበት ቦታ፣ ላይ ቤት ያገባው፣ ታች ቤት ያገባው። ልጆቹ ሁለቱም ወገን የሚስማማበትን ግጥሚያ ብቻ እንዲናገሩ አዘዝሁ። ከብዙ ጩኸት በኋላ ሁሉም የተስማሙባቸው ስድስት ግጥሚያዎች ተገኙ። 2014 ላይ ስንደርስ አንድ ልጅ «ዜሮ ለዜሮ ይጻፍ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አልተጫወትንም እኮ! አለመጫወትና አለማግባት አንድ ነው እንዴ?» አለው። ጠመኔዬን እንደያዝሁ ቆምሁ። የዜሮንና የባዶ ቦታን ልዩነት ላስረዳ ብዬ ብዘጋጅ ኖሮ እንዲህ አላስረዳም ነበር። ቦታውን ባዶ ተውነው፤ በጎኑ «ጨዋታ አልነበረም» ብለን ጻፍን። ያን ዓመት ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ፀጥ አለ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። በእኛ አገር ሴቶች ልጆች ገና አይጫወቱም፤ የእነሱ ቀን በነሐሴ ሻደይ ነው። እሷ ግን ፍየል ስትጠብቅ ሁልጊዜ ከመስኩ ዳር ሆና ታያለች። ግብ በገባ ቁጥር ለላይ ቤት ጥቁር ጠጠር፣ ለታች ቤት ነጭ ጠጠር ታስቀምጥ እንደ ነበር ተናገረች። የአምናውን አራት ለሦስት ብላ ስትናገር የሁለቱም ወገን ወንዶች ልጆች ልክ ነው አሉ። ቀጥላም «መምህር፣ ላይ ቤቶች እኮ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው የሚለጉት» አለች።

ልብ በሉ፤ በዚህ አገር ለጥ ያለ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። የመንደራችን መስክ ተዳፋት ነው። ላይ ቤት ከመንደሩ ከላይ በኩል ስለሚመጣ ከላይ ይሰለፋል፣ ታች ቤትም ከታች። የዕረፍት ሰዓት ስለሌለ ወሰን መቀያየር የለም። ሩሯ ቁልቁል ስትለጋ ራሷ ትንከባለላለች፤ ሽቅብ ስትለጋ ደግሞ ትመለሳለች። እኔ በዚያ መስክ ላይ አድጌ፣ በዚያ መስክ ላይ ቅልጥሜን ተመትቼ፣ ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ከውጤቱ ጋር አያይዤው አላውቅም።

ወዲያው ስድስቱን ግጥሚያዎች በቦታ ለየናቸው። አራቱ በተዳፋቱ መስክ፣ ሁለቱ ደግሞ መስኩ እህሉ ስላልተነሣለት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ደልዳላ ሜዳ የተደረጉ ናቸው። በተዳፋቱ አራቱንም ላይ ቤት አሸንፏል። በደልዳላው አንዱን ላይ ቤት፣ አንዱን ታች ቤት። የታች ቤት ልጆች ከወንበር ተነሥተው ጨፈሩ። እዚህ ላይ «ሁለት ግጥሚያ ብቻ አይተን ምን ያህል ማለት እንችላለን?» ብዬ ማቆም ነበረብኝ፤ ምክንያቱም በደልዳላ ሜዳ አሥር ጊዜ ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን ከሁለት ጊዜ መናገር አይቻልም። ተዳፋቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ነው ብሎ ለመፍረድ ግን ገና ነው። ይህን ግን በሰዓቱ አላልሁም። ደወል ሊደወል ስለ ነበር ፈጠን ብዬ «እንግዲህ ማን ትክክል እንደ ነበር አያችሁ!» አልሁና ወጣሁ።

ስሕተቴ ይህች ናት። በዕረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ተያያዙ። አንደኛው ከንፈሩ ደማ። እኔም ተጠርቼ ተጠየቅሁ። ልምምዳችንን የሚከታተሉት መምህር ትምህርቱን ከኋላ ሆነው አይተውት ነበርና በቁጣ ሳይሆን ረጋ ብለው «ልጆቹን በወገን ከፋፍለህ አስቀመጥሃቸው፤ ከዚያም ለአንደኛው ወገን ፈረድህለት። መረጃው ለጥያቄ መልስ መሆኑ ቀርቶ በእጃቸው ዱላ ሆነ» አሉኝ። ሌላም ነገር ጨመሩ። «ልጁ የሚወደው ነገር ሲነካበት መጀመሪያ የሚያስበው በልቡ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በማይወደውና በማይጠላው ነገር አለማምደው።»

ማንም ልጅ ወገን የማይይዝበት፣ ግን ገናን የሚመስል ጨዋታ ከየት ይመጣል? ባለፈው ክረምት በስልክ ያየሁት ትዝ አለኝ። በአየርላንድ ኸርሊንግ የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ። ዱላው ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ኳሷ ትንሽና ጠንካራ ናት፣ በመሬትም በአየርም ትለጋለች። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ውድድሩ በካውንቲዎች መካከል ነው፤ ካውንቲ ማለት በቀድሞው አከፋፈላችን እንደ አውራጃ ያለ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ሰው የሚጫወተው ለአገሩ ልጅነቱ ነው። ከሥር ያሉት ክለቦች ደግሞ በአብዛኛው በየደብሩ የተቋቋሙ ናቸው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው «እንደኛ!» አሉ። በአንድ ነገር ግን እንደኛ አይደሉም። የመላው አየርላንድ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1887 ከተጀመረ ጀምሮ ማን ማንን በስንት እንዳሸነፈ ተጽፏል። የኪልኬኒ ቲፎዞ «36 ጊዜ አሸንፈናል» ቢል እንደ አጎቴ «መቼ ተሸንፈን እናውቃለን» እንደማለት አይደለም፤ መዝገቡ ይመሰክርለታል። ያው መዝገብ ግን ኪልኬኒ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት ዋንጫውን አንድም ጊዜ እንዳላነሣ ይመሰክርበታል። ስም ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

የነጥብ አያያዛቸው ለአራተኛ ክፍል ሒሳብ የተፈጠረ ይመስላል። ግቡ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት አለው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ትባላለች፤ 3 ነጥብ ያሰጣል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ውጤቱም ሁለቱ ተለይተው ይጻፋል። ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በደብሊን በክሮክ ፓርክ ሜዳ የተደረገውን የፍጻሜ ግጥሚያ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው። ቲፐረሪ 3 ጎልና 27 ነጥብ፣ ኮርክ 1 ጎልና 18 ነጥብ። ልጆቹ 3 ጊዜ 3 ዘጠኝ፣ ሲደመር 27፣ 36 አሉ። ኮርክ 21። ልዩነቱ 15።

ይህን ካወጡ በኋላ ወደ ኋላ መለስኋቸው። «እናንተ ከግጥሚያው በፊት በነበረው ቀን የምትከራከሩ ቲፎዞዎች ናችሁ። በእጃችሁ ያለው መረጃ ይህ ነው» አልሁ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በሊጉ ፍጻሜ ኮርክ 3 ጎልና 24፣ ቲፐረሪ ያለ ጎል 23 ነጥብ፤ በሚያዝያ እንደገና ሲገናኙ ኮርክ 4 ጎልና 27፣ ቲፐረሪ ያለ ጎል 24 ነጥብ። ልጆቹ አሰሉ። በመጀመሪያው ኮርክ በ10፣ በሁለተኛው በ15 ብልጫ አሸንፏል። ቲፐረሪ በቀደመው ዓመት በምድቡ አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፍ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነው። ኮርክ በግማሽ ፍጻሜው 7 ጎል አግብቶ ነው የመጣው። ማን ያሸንፋል? ክፍሉ በሙሉ «ኮርክ!» አለ። እዚያም አገር ብዙ ሰው የጠበቀው ኮርክን ነው። እንዲያውም የፍጻሜው ዕለት ዕረፍት ሲወጡ ኮርክ 1 ጎልና 16፣ ቲፐረሪ 13 ነጥብ ነበሩ፤ ኮርክ በ6 ይመራል። ታዲያ በሁለተኛው አጋማሽ እያንዳንዱ ስንት አገባ? ቀንሰው አገኙት። ቲፐረሪ 23፤ ኮርክ 2። «ሁለት ብቻ?» አለ አንዱ። ሁለት ብቻ።

ከዚህ በኋላ «አቋም ዋጋ የለውም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አይደለም። በሚያዝያው ግጥሚያ ገና ጨዋታው ሲጀመር ከቲፐረሪ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድኑ ቀኑን ሙሉ በ14 ሰው ነው የተጫወተው። 15 የሚለው ልዩነት ይህን አይናገርም። ያ የወጣው ልጅ ዳራ መካርቲ ይባላል፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ነበር። በፍጻሜው ዕለት ብቻውን 1 ጎልና 13 ነጥብ፣ ማለትም ከ36ቱ 16ቱን አስገባ። ያቺ ፍየል ጠባቂ ተማሪዬ ይህን ስትሰማ «ተዳፋት ነበረባቸው ማለት ነው» አለች። ትርጉም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በዚህ ጊዜ ማንም ከማንም ጋር አልተያያዘም። ለኮርክ የሚደማ ልጅ በዋግ የለም። ቀስ በቀስ ግን ወደ ቤት ማምጣት ያስፈልጋልና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወደ አገራችን እግር ኳስ መጣሁ። ሬዲዮ የሚሰሙት ልጆች ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስና ስለ ፋሲል ከነማ የሚሉት ነበራቸው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን መሆኑን፣ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ማንሣቱን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ማሸነፉን ነገርኋቸው። ስም ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ከእነዚህ አንዳቸውም ዋንጫ ባላነሡ ነበር። ትልልቆቻችንም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ሲነሣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን የማይጠቅስ የለም። ቀኑ እውነት ነው፣ ክብርም ነው። ለነገው ግጥሚያ ማስረጃ ነው ወይ ሲባል ግን ያው የአጎቴ «መቼ ተሸንፎ ያውቃል» ነው።

ከዚያም ወደ ላይ ቤትና ታች ቤት ተመለስን፤ በዚህ ጊዜ ግን አንድ ሕግ አወጣሁ። የላይ ቤት ልጅ ለታች ቤት ይከራከራል፣ የታች ቤቱም ለላይ ቤት። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ተቸገሩ። አንድ የላይ ቤት ልጅ ለታች ቤት ሲሟገት «ሽቅብ እየለጋን አምና ሦስት ማግባታችን ቁልቁል ከሚገባ አራት አይበልጥም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ነጥብ ከታች ቤቶቹ አንዳቸውም አላሰቡትም ነበር። ለላይ ቤት የተከራከረችው ደግሞ «ሁለት ግጥሚያ በደልዳላ ሜዳ አይተን ስለ ተዳፋቱ እንዴት እንፈርዳለን?» አለች። እኔ በፊተኛው ቀን የዘለልኋት ጥያቄ ከተማሪ አፍ መጣች። አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

ይህን ዘዴ ልትሞክሩ የምትፈልጉ ካላችሁ አንዳንድ ነገር ላስታውስ። ሠንጠረዡ ከክርክሩ በፊት ይሞላ፤ ክርክር ከጀመሩ በኋላ ቁጥር የሚያስታውስ የለም። ልጁ «እናሸንፋለን» ሲል «ይህን ያልኸው ከስም ነው፣ ከአቋም ነው ወይስ ከምኞት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ምኞት ነው ቢል አትሳቁበት፤ ምኞት ነውር አይደለም፣ ማስረጃ አለመሆኑን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። ወገን ያልያዙትን ልጆች ፈልጓቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ናቸው። አማካይ ለማስተማር ከፈለጋችሁ ደግሞ ስድስት ግጥሚያ በቂ ነው፤ ለትንበያ ግን አይበቃም፤ ሁለቱን አታደባልቁ። እኔ አደባልቄ የከንፈር ደም አይቻለሁ።

ልምምዳችን ከማለቁ በፊት ልጆቹ የዘንድሮውን ጨዋታ ራሳቸው ሊመዘግቡ ወሰኑ። አንድ ደብተር ተሰመረ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከላይ የተሰለፈው ማን እንደሆነ፣ የየወገኑ ተጫዋች ብዛት፣ የገባው ግብ፣ ሩር ብትጠፋ ወይም ጨዋታው ቢቋረጥ ምን እንደተደረገ። ከየወገኑ አንድ አንድ ልጅ፣ ሦስተኛ ያቺ ተማሪ ሆነው ሦስት ቆጣሪዎች ተመረጡ። ግብ የሚጻፈው ሦስቱም ሲስማሙ ነው። እርሳሱን ለእሷ ሰጧት፤ ጠጠሮቿንም ይዛ መጥታ ነበር።

በገና ዕለት በተዳፋቱ መስክ፣ እንደ ልማዱ ላይ ቤት ከላይ፣ ታች ቤት ከታች ተሰለፈ። ልጆቹ ወሰን እንዲቀያየሩ ለሽማግሌዎች ጥያቄ አቅርበው ነበር። «አባቶቻችን ያላደረጉትን» ተብሎ ታለፈ። እኛም አላስጨነቅናቸውም። ላይ ቤት አምስት ለሦስት አሸነፈ። ጭፈራው እስከ ማታ ቆየ፤ ተሸናፊዎቹም የሚሰደቡትን ተሰድበው ወደየቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ደብተሩን ይዤ መምጣቴን ሰምቶ ኖሮ «እስቲ አንብበው» አለኝ። አነበብሁለት። አምስት ለሦስት የሚለው ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ዝም አለ።

«ተዳፋቱንም ጻፋችሁት?»

«ተጽፏል፣ አያ።»

ሲኒውን አስቀመጠ። ቡናው ላይ የተጠራው ጎረቤታችን ከወዲያ ሆኖ አንገቱን አሰገገ።

«እንግዲያው» አለ አጎቴ፣ «ለከርሞ እኛ ከታች እንቁም። ያን ጊዜም ጻፉት።»

«ከታች ቆማችሁ?» አለ ጎረቤታችን። «ከታች ቆማችሁ ስንት ልታገቡ ነው?»

«ስንት ትላለህ? ላይ ቤት መቼ...» ብሎ ጀመረና አጎቴ ደብተሩን አየት አደረገው።